የአየርላንዱ ሽማግሌ

ፕሮፌሰር አብዱልሰመድ ከመቶ ዓመት በፊት የሞቱ የአየርላንድ ጆሮ ጠቢዎችን በስምና በመንደር ለይቶ ያውቃቸዋል። ማን ለእንግሊዝ ወሬ እንዳቀበለ፣ ማን ምንም ሳያቀብል በሐሜት ብቻ እንደተገደለ ጠይቁት፤ የቀዳችሁለት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ያወራችኋል። ከአጥሩ ማዶ የምትኖረውን ጎረቤቱን ግን አላወቃትም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። የተማረ ዓይንም ቢሆን ያው ዓይን ነው።

ዕድሜውን የበላው አንድ መጽሐፍ ነው፤ ስለ አየርላንድ ብሔርተኞችና ስለ እንግሊዝ ኢምፓየር። ደብሊን ተምሮ፣ አዲስ አበባ ታሪክ እያስተማረ፣ ፀጉሩ የሸበተው በዚሁ መጽሐፍ ላይ ነው። የሚገርመው ነገር፣ ይላል ሰሚ ካገኘ፣ አየርላንዶች ኢምፓየሩን በአንድ እጃቸው እየታገሉ በሌላው እጃቸው ጠመንጃ ይሸከሙለት ነበር። መቅደላ ላይ የወጣው የእንግሊዝ ጦር ውስጥ እንኳ አየርላንዶች ሞልተውበታል። የገዛ አገራቸው በእንግሊዝ ተይዛ ሳለች እነሱ የሰው አገር አምባ ሰብረው ገቡ። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ታዲያ ማን የማን እንደሆነ በምን ይለያል? መጠራጠሩ የመጣው ከዚያ ነው። በኋላ ነፃነት ፈላጊዎቹ ሲነሱ፣ "ሰላይ ነው" ብለው ከገደሏቸው መካከል ንጹሐንም ነበሩበት። ማስረጃው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው አንድ ነው፤ ከወታደር ጋር ሲነጋገር ታይቷል ነው። ፕሮፌሰሩ እዚህ ላይ ሲደርስ መነጽሩን ያወልቅና "ይህ ማስረጃ አይደለም፤ ይህ ፍርሃት ነው" ይል ነበር። ተማሪዎቹም ይጽፉታል፤ ለፈተና ይመጣላ።

ለውጡ የመጣ ሰሞን፣ የሁሉም አፍ በተፈታበት ጊዜ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ጠርተውት ስለዚሁ ስለ አየርላንድ ተናገረ። አንዱ ወገን "በአሽሙር የሚወጋው እኛን ነው" አለ። ሌላው ወገን "የለም፣ እኛን ነው" አለ። ሰውየው ያወራው ስለ አየርላንድ ብቻ ነበር፤ ግን በዚያ ዘመን ስለ ዝናብ ያወራ ሰውም የማን ዝናብ ነው ይባል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮውም አልጠራው፤ ባልደረቦቹም እሱ ወደ ሻይ ቤቱ ሲገባ ወሬ መቀየር ጀመሩ። እሱም በበኩሉ የትኛው ባልደረባው ለየትኛው ቢሮ እንደሚያወራ በልቡ መመደብ ጀመረ። ጡረታው ሲደርስ የተሰናበተው ሰው ጥቂት ነው።

አርዲቦ ሐይቅ ዳር ወዳለው የአባቱ ቤት ተመለሰ። ቤቱ ውስጥ ታላቅ እህቱ መስኡዳ፣ እንዲሁም ሐይቅ ከተማ ባጃጅ የሚነዳው ልጇ ካሊድ አሉ። መስኡዳ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ይህ ልጅ ነው። ወንድሟን ሰው ብለን ከቆጠርነው ሁለት ነበሯት።

ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲጠጋ ሌላው ሰው እህሉን ይቀብር ነበር። ፕሮፌሰሩ ምን አደረገ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር፤ ካርታ ይዞ አምባሰል ወጣ። መቅደላ ላይ ስለወጣው ጦር የዚህ አገር ሰው ከአባቱ የሰማው ነገር ካለ ልጠይቅ ብሎ ነው። ውጫሌ መግቢያ ላይ ኬላ የሚጠብቁ ወጣቶች ቦርሳውን ፈተሹና ካርታውን ዘረጉት። በእርሳስ የተሰመረ እግር መንገድ፣ የምንጭ ምልክት፣ የፈረንጅ ፊደል። ከታች ጥጉ ላይ የባለቤቱ ስምና መንደር በአማርኛ ተጽፏል፤ ዕቃው ላይ ስሙን መጻፍ ከተማሪ ቤት ያመጣው ልማድ ነው።

"ይሄ መስመር ምንድን ነው?" አለው አንዱ።

"የድሮ እግር መንገድ ነው። የእንግሊዝ ጦር መቅደላ በመጣ ጊዜ ሰው የሸሸበት።"

"የእንግሊዝ ጦር ሊመጣ ነው?"

"መጥቶ ሄዷል። በአጤ ቴዎድሮስ ጊዜ።"

"ከሄደ ታዲያ አሁን መንገዱ ምን ያደርግልሃል?"

ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ዕድሜው ያለቀ ሰው ነውና ዝም አለ። በዚያ ሰሞን ደግሞ ዝም ያለ ሰው ጥፋተኛ ነው። አንድ ክፍል አስገብተው ቀኑን አዋሉት። አመሻሹ ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪው ደርሶ አስለቀቀው፤ ካርታው ግን እዚያው ቀረ። "ይተውት ፕሮፌሰር፣ በኛ እጅ ነው" አለው ተማሪው። እንዳለውም በእነሱ እጅ ቆየ፤ ውጫሌ እስክትያዝ ድረስ።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ አርዲቦ ገብቶ ነበር። ካርታ የሚስል፣ መንገድ የሚጠይቅ፣ ፈረንጅ አገር የኖረ ሰውዬ። ልጅ ሆኖ አብረውት ከብት የጠበቁ ሰዎች እንኳ ሰላምታውን ማሳጠር ጀመሩ። እሱም ይህን አይቶ ይበልጥ ቤት ዋለ። ቤት የዋለ ሰው ምን እየሠራ ነው ተባለ።

ሰው ሆና ያዋራችው ሉብና ብቻ ናት። ሉብና ከአጥሩ ማዶ ብቻዋን የምትኖር፣ ሳዑዲ ዓመታት ሠርታ፣ መጨረሻ ላይ ጅዳ እስር ቤት ከርማ የተመለሰች ሴት ናት። መብራት ሲጠፋ ጣሪያዋ ላይ በዘረጋችው ሶላር የመንደሩን ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች። እስር ቤት ከየአገሩ ከመጡ ሴቶች ጋር አንድ ወለል ላይ ስለተኛች የጠላትንም የወዳጅንም ቋንቋ ለምዳ መጥታለች። ፕሮፌሰሩ ስልኩን ይዞ ሲሄድ በርጩማ ታወጣለታለች።

"ጋሼ፣ እንዲያው ቀን ከሌት የሚጽፉት ምንድን ነው?" አለችው አንድ ቀን።

ነገራት። ስለ አየርላንድ፣ ስለ እንግሊዝ፣ አገራቸውን እየወደዱ በጠላታቸው ጦር ውስጥ ስለተቀጠሩት ሰዎች ነገራት። ሌላው ሰው እዚህ ላይ ያዛጋል። እሷ ግን የስልክ ገመድ እየፈታች አሰበችበት።

"እነሱም እንደኛ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበሩ በሉኛ" አለች። "ቤቱን እየጠሉ ደሞዙን የሚበሉ።"

ይህን መልስ ወዶታል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ሌላ ሐሳብ መጣበት። ይህች ልጅ ለምን ይህን ሁሉ ትጠይቀኛለች? የመንደሩ ሰው ስልክ ሁሉ እጇ ላይ ያድራል፤ የማን ወሬ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ቋንቋ ታውቃለች። ደብሊን ውስጥ የተለቀሙት ጆሮ ጠቢዎች ብዙዎቹ እንዲህ ሰው ሁሉ የሚገባበት ቤት ያላቸው ነበሩ። እንዲህ እያለ፣ በርጩማ ያወጣችለትን ሴት በመጽሐፉ ውስጥ ቦታ ፈልጎ አስቀመጣት።

ኅዳር ከመግባቱ በፊት ውጫሌም ሐይቅም ተያዙ። ኔትወርኩ ሄደ፣ መብራቱ ሄደ፣ መንገዱ ተዘጋ። ካሊድ ከሁለት የሰፈር ልጆች ጋር ከመንደሩ በላይ፣ ድሮ ፍየል ያድርበት በነበረ ዋሻ ተደበቀ። እናቱ ሰው ካለፈ በኋላ የኩበት እንቅብ ተሸክማ፣ ከኩበቱ ስር የበቆሎ ቂጣ ይዛ ትወጣለች። ይህን የሚያውቁት የሦስቱ ልጆች እናቶችና ፕሮፌሰሩ ናቸው። የመጡት ታጣቂዎች ደግሞ ሶላሩን ከሩቅ አይተው ሉብና ደጅ ስልክ ቻርጅ ማድረግ ጀመሩ። በቋንቋቸው ታናግራቸዋለች፤ አንዳንዴም ትስቃለች። ምን ታድርግ፣ ታልቅስላቸው? መንደሩ ግን ሳቋን ቆጠረባት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መስኡዳ ቂጣውን ይዛ ከወጣች በኋላ፣ ፕሮፌሰሩ በመስኮቱ ቀዳዳ ወደ ሉብና ግቢ አየ። ሦስት ታጣቂዎች ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆመዋል። ሉብና ረጅም ነገር ተናገረች። ቀጥላ እጇን አንስታ እሱ ወዳለበት ቤት አመለከተች። ከዚያ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ደጋግማ መታችው። ሦስቱም ዞረው ወደ መስኮቱ ተመለከቱ።

ከመስኮቱ ራቀ። ብዙም ሳይቆዩ በሩን ገፍተው ገቡ። አለቃቸው መጽሐፎቹን አገላበጠ፣ ሽማግሌውን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ አየው፤ "የአየርላንዱ ሽማግሌ አንተ ነህ?" አለው በተሰባበረ አማርኛ። አዎ አለ። ከመካከላቸው አንዱ ሳቀ። ውሃ ጠየቁ፣ ጠጡ፣ ወጡ። በቃ፣ ይኸው ነው። ጫፉን አልነኩትም።

በሩ ከተዘጋ በኋላ አሰበ። በዚህ አገር ስለ አየርላንድ የነገርኩት ለሉብና ብቻ ነው። ስለዚህ ወሬዬን አቀብላለች፤ እንቆቅልሹ ተፈታ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ፍርሃት ገባው። ወታደር ገብቶበት ሳይነካው የወጣ ቤት ምን እንደሚባል ከማንም በላይ እሱ ያውቃል። በመጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ኋላ ሰላም ያደረ የለም። ለምን ተዉት ይባላል። ምን ሰጣቸው ይባላል። የውሃ መጠጫውን አጠበ፣ መጽሐፎቹን ደረደረ፤ መስኡዳ ስትመለስ ምንም አልነገራትም።

በማግስቱ ጠዋት መስኡዳ እንደልማዷ ኩበቷን ተሸክማ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ልጆች እጃቸውን የኋሊት አስረው በሐይቁ ዳር ሲያልፉ መንደሩ በሙሉ አየ። ካሊድ ቀና ብሎ ወደ ቤታቸው ተመለከተና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው ጠፋ።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ለቀው ሲሄዱ መንደሩ የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ልጆቹን ማን ሸጣቸው? መስኡዳ እህል መቅመስ ትታ በር ላይ ትቀመጣለች። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ከፊቱ ላይ ልታነብ ትሞክራለች። በመጨረሻ ሸህ አብዱልከሪም አውጫጭኝ ጠሩ።

በአውጫጭኝ ቀን ከመንደሩ ማንም አይቀርም። ሕዝቡ ሁሉ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ እየተነሳ ምሎ ያየውን፣ የሰማውን፣ የጠረጠረውን ያወጣል፤ ጥፋተኛው እስኪለይ ሰው ወደ ሥራው አይሄድም። የቀረ ሰው ሳይጠየቅ እንዳመነ ነው። ጥፋተኛ የተባለ ደግሞ እሳት አይጫርለትም፣ ውሃ አይቀዳለትም፣ ቢሞት የሚቀብረው የለም። ዘንድሮ ግን ከኋላ ጠመንጃ አንግተው የቆሙት ጎረምሶች እሳትና ውሃ መከልከል የሚበቃቸው አይመስሉም ነበር።

ከዋርካው ስር ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በሌላው በኩል ተቀመጡ። ሸሁ ዱዓ አድርገው ከፈቱ። ሙስሊሙ በቁርኣን፣ ክርስቲያኑ በወንጌል፣ "ያየሁትን አልደብቅም፣ ያላየሁትን አልጨምርም" እያለ ተራ በተራ ማለ። የመጀመሪያዎቹ ምንም አላየንም አሉ። ቀጥላ ከተያዙት የአንዱ እናት ባንቺአየሁ ተነሳች።

"አላየሁም" አለች። "የምጠረጥረውን ተናገሪ ካላችሁኝ ግን እናገራለሁ። የኛ ልጆች ከብት ሲጠብቁ የኖሩበትን መንገድ በወረቀት ሲስል የከረመው ማን ነው? ውጫሌ የታሰረው በምን ነበር? እግዜር ይፍረድ እንጂ እኔ የምጠረጥረው የመስኡዳን ወንድም ነው።"

ጉርምርምታ ተነሳ። ከእሷ ቀጥሎ የተነሱትም ቃሉን እየተቀባበሉ ከከተማ የመጣው ሰውዬ፣ ካርታ ያለው ሰውዬ አሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ሉብናንም ነካ አደረጓት፤ ቋንቋቸውን ታውቃለች፣ ደጇ ያመሹ ነበር አሉ።  ሴቶቹ መካከል የተቀመጠችው እህቱ ዓይኗን ፕሮፌሰሩ ላይ ተክላለች። እያንዳንዱ ሲናገር ከእሱ ጎን የተቀመጠው ሰው ትንሽ ትንሽ ይሸሻል። ልክ እንደ መጽሐፉ ነው፤ ልዩነቱ ይህን ምዕራፍ አሁን እየኖረበት ነው።

ተራው ደረሰ። ቁርኣኑ ላይ እጁን ሲያደርግ ተማሪዎቹን ያስጻፋቸውን ቃል አስታወሰው። ይህ ማስረጃ አይደለም፤ ይህ ፍርሃት ነው። በደንብ አስታወሰው። ግን ምያለሁ አለ ለራሱ፤ ያየሁትን መደበቅ አልችልም፤ አልጨምርም እንጂ አልደብቅም። ሰው ለፍርሃቱ ሰበብ ካጣ በመሐላ ያሳብባል።

"ዓይኔ ያየውን ብቻ ነው የምናገረው" አለ። "ካሊድ ከመያዙ በፊት በነበረው ቀን ሉብና ከሦስት ታጣቂዎች ጋር ቆማ ነበር። ወደ እኛ ቤት፣ ወደ ካሊድ ቤት በእጇ ስታመለክት አይቻለሁ። ደረቷን እየመታች ስትምልላቸውም አይቻለሁ። በማግስቱ ልጁ ተያዘ። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መስኡዳ የጮኸችው ጩኸት የሐይቁን ወፍ አስነሳ። ከኋላ የቆሙት ጎረምሶች ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ባንቺአየሁ እንኳ ጥርጣሬዋን ከፕሮፌሰሩ ላይ አንስታ ወደ ሉብና ዞረች። ከጎኑ የሸሸው ሰው ተመልሶ ተጠጋው፤ እሱም፣ እንዲህ ማለት ያሳፍራል፣ እፎይ አለ።

ሸሁ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። "የተነገረባት ሰው ትናገር።"

ሉብና ተነሳች። አላለቀሰችም፤ መሐላውን ማለች፣ ሻሿን አጠበቀች።

"አዎ፣ አመልክቻለሁ" አለች። "'ይህን ካርታ የሠራው የት ነው?' ብለው መጡ። ካርታው በእጃቸው ነው፤ ውጫሌ ያገኙት ነው፤ የጋሼ ስምና የመንደራችን ስም ተጽፎበታል። አላውቅም ብል ሌላ ሰው ሊያሳያቸው ነው። 'ያውላችሁ እዚያ ቤት ነው፤ ያረጀ አስተማሪ ነው፤ የሚጽፈው ስለ አየርላንድ ነው፤ መንገዱም የድሮ መንገድ ነው' አልኳቸው። 'ልንወስደው ነው፤ ዋሱ ማነው?' አሉ። 'በኔ' አልኩ። ደረቴን መትቸ በኔ አልኩ። ወላሂ ይኸው ነው።"

"ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርሽም?" አሉ ሸሁ።

"እነሱ ዘንድ ዋስ ሆኘ ቃሌን ሰሙኝ ብል ማን ይተወኛል? ይኸው፣ ሳልናገርም አልተዋችሁኝም።"

"ማን ይመሰክርልሻል?" አለ ከጎረምሶቹ አንዱ።

"እኔና እነሱ ብቻ ነበርን። ሂድና ጥራልኝ።"

ጎረምሳው ወደ ፊት ተራመደ። ፕሮፌሰሩ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ያን ቀን ደረቷን የመታችው ለእሱ ዋስ ስትሆን ነበር። "የአየርላንዱ ሽማግሌ" ያለው ታጣቂ ቃሉን ያመጣው ከእሷ መሆኑን አውቆ ነበር፤ ሊያስተርፈው እንጂ ሊያስይዘው ያልተነገረ መሆኑ ግን አንዲት ጊዜ እንኳ አልታሰበውም። ምስክሯ አለ። አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እሱ ነው። ይህን ለመናገር ደግሞ ታጣቂዎቹ ቤቱ ገብተው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ሳይነኩት መውጣታቸውን፣ ያንንም ከገዛ እህቱ መደበቁን አብሮ መናገር አለበት። ጫፉን ቢመዘው ሁሉም ይመዘዛል። ዝም ካለ ደግሞ ይህች ሴት ዛሬ ከዚህ ዋርካ ስር በሰላም አትሄድም። ሁለቱንም አየ። ተነሳ።

"ሸሁ፣ ያልጨረስኩት አለ።"

"ምለህ ነበር እኮ" አሉ ሸሁ።

"ምየ ደብቄያለሁ። አሁን ልጨርስ።" ከዚያ ተናገረ። በሩን ገፍተው እንደገቡ፣ የአየርላንዱ ሽማግሌ አንተ ነህ እንዳሉት፣ እንደሳቁ፣ ውሃ ጠጥተው እንደወጡ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። "ስለ አየርላንድ የነገርኳት እሷን ብቻ ነው። እሷ እንዳለችው ነግራቸው ባይሆን ኖሮ ያን ቃል አያውቁትም፣ እኔንም አይተውኝም ነበር። እውነቷን ነው።"

 ጎረምሳው ባለበት ቆመ። የተነሳችው መስኡዳ ናት።

"መቼ ነው የመጡት?" አለች።

"ካሊድ ከመያዙ በፊት በነበረው ቀን ነው፣ እታለም።"

"እኔ ዋሻው ጋ ሳለሁ?"

"አዎ።"

"ቤቴ ገብተው?"

"አዎ።"

መስኡዳ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ለሰው የማይሰማ በሚመስል ድምፅ ተናገረች፤ ዋርካው ስር ያለው ሰው ሁሉ ግን ሰማት።

"ቤቴን እንዳወቁት ብትነግረኝ በማግስቱ አልወጣም ነበር። አንድ ቀን ቢራቡ ምን ይሆናሉ፣ አልወጣም ነበር። ኩበቴን ተሸክሜ በጠራራ ፀሐይ... ከኋላዬ ይሆናላ የነበሩት። እኔው ነኝ በእግሬ መርቸ ያደረስኳቸው። አንተ ደግሞ ቤት ቁጭ ብለህ ሸኘኸኝ።"

እንዲያ መሆኑን የሚያውቅ የለም። ተከትለዋትም ይሆናል፣ የዋሻውን ጭስ አይተውም ይሆናል፣ ሌላ ሰው ነግሯቸውም ይሆናል። ፕሮፌሰሩ ይህን ሊላት አፉን ከፈተ። ማስረጃ የለም ሊላት ነበር። እህቱ ፊት ላይ ያለውን ሲያይ ግን አፉን መልሶ ዘጋ። በሕይወቱ እንደዚያ ያፈረበት ቀን የለም።

ባንቺአየሁ "አላልኳችሁም?" አለች። ጉርምርምታው እንደገና ተነሳ፤ በዚህ ጊዜ ወዴት እንደዞረ ለማንም ግልጽ ነው። ሸሁ በትራቸውን ደግመው ደጋግመው መቱ።

"በዚች ልጅ ላይ ዛሬ የተገኘባት ነገር የለም" አሉ። "በአብዱልሰመድ ላይ ግን ጉዳዩ አልተቋጨም፤ አውጫጭኙ ለሚመጣው ጁምዓ ተቀጥሯል። እስከዚያ ድረስ ከመንደሩ ላለመውጣቱ ዋስ ይጥራ። የዋሱ ዓይን እንዳይለየውም በዋሱ ግቢ ይደር። ዋስ ከሌለው ጎረምሶቹ ይጠብቁታል።"

ጎረምሶቹ እንዴት እንደሚጠብቁት ሁሉም ያውቃል። ፕሮፌሰሩ ወደ እህቱ ዞረ። አንዲት እናት የወለደቻቸው፣ በአንድ ገበታ ያደጉ ናቸው። መስኡዳ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገችና ጀርባዋን ሰጠችው። ከዚያ አብሮት ከብት የጠበቀውን አየ፣ ከጎኑ ተመልሶ የተጠጋውን ሰው አየ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ሸሁ ሁለተኛ ጠየቁ።  ጎረምሳው ያወረደውን ጠመንጃ ወደ ሌላው እጁ አዛወረ።

"ዋስ አለው" አለች ሉብና።

ሰው ሁሉ ዞረ።

"ያኔ በኔ ብያለሁ። አላወረድኩትም።"

"አስቢበት ልጄ" አሉ ሸሁ። "ቢጠፋ ያንቺ አንገት ነው።"

"ያኔም አንገቴ ነበር።"

ሸሁ ጥቂት አዩዋትና ይሁን አሉ። ሕዝቡ እየተንሾካሾከ ተበተነ። ፕሮፌሰሩ ቤቱ ሄዶ ፍራሹን ተሸከመ፤ መጽሐፎቹን ይዞ ለመውጣት ልቡ አልፈቀደለትም። መስኡዳ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። አልፏት ሲወጣ እግሯን ሰበሰበች እንጂ ቀና አላለችም።

ሉብና አጥሩ ጋ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ፍራሹን የሚያነጥፍበት ቦታ ደጇ ላይ አሳየችው። ፍራሹን ከትከሻው አወረደ።

"ሉብና፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አለ። "ከዚያ ሁሉ በኋላ አምነሽኝ ዋስ ስለሆንሽኝ..."

"ዋስ የሆንኩዎት ስለማምንዎት አይደለም" አለችው፤ በርጩማዋን አንስታ ወደ ውስጥ አስገባች። "ዋስነት ቃል ነው፤ ቃሌን ልጠብቅ ነው። ልጁ ጠፍቷል ጋሼ። ካሊድ እስኪገኝ ድረስ እኔም እጠረጥርዎታለሁ።"

ገብታ በሯን ከውስጥ ቀረቀረችው።